የድሬዳዋ ሕዝብ፥ ንግድና ወንጀል፤ ቁጥሮቹ እንዴት ይነበባሉ?

ስለ አንድ ከተማ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሕዝቡን ብዛት በመጀመሪያው ክፍል፥ ንግዱን በሁለተኛው፥ ወንጀሉንም በሦስተኛው ለይቶ ያቀርባል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፥ በድሬዳዋ ላይ ሦስቱ ተለያይተው ቢነበቡ እንደሚያሳስቱ ማስረዳት ነው።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት ብዙ ድካምና ወጪ የሚጠይቅ ስለ ሆነ በግርጌው ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ አዲሱ ከተማ ተቆረቆረ። ሐዲዱ ወደ ፊት እስኪቀጥልና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ብዙው ሸቀጥ እዚህ ከባቡር ወደ ቅፍለት፥ ከቅፍለትም ወደ ባቡር ይዛወር ነበር። ከደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን መንገዱ ቀጥ ተደርጎ የተቀየሰው ከዚራ፥ በሌላው ወገን የገበያው ሰፈር መጋላ አደጉ። በኋላ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ቢጨመሩም፥ የከተማው ዋና ሀብት በባሕር በርና በመኻል አገር መካከል መቀመጡ ነው።

ወደ ሕዝቡ ስንመጣ፥ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የአስተዳደሩ ነዋሪ 251,864፥ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 341,834 ነበረ። ይህም በየዓመቱ ወደ 2.4 በመቶ ገደማ ዕድገት ነው። ከ1999ኙ ቁጥር ውስጥ ግን በከተማ የሚኖረው 233,224 ብቻ ሲሆን የቀረው የገጠር ሕዝብ ነው። ቀጣዩ አገር አቀፍ ቆጠራ ደጋግሞ ስለ ተላለፈ፥ ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሰው ብዛት ሁሉ ግምት ነው።

ይህ ለወንጀል ስሌት ምን ያደርጋል? ለምሳሌ ያህል፥ በ1999 ዓ.ም. 500 ወንጀሎች ተመዝግበዋል ብለን እናስብ። በጠቅላላው ነዋሪ ብናካፍለው ለ100,000 ሰው 146 ይሆናል፤ በከተማው ነዋሪ ብቻ ብናካፍለው 214 ይደርሳል። ወንጀሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አካፋዩ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን የኮንትሮባንድ ጉዳይ ነው። ታይዋን የተባለው ገበያ ስሙን ያተረፈው ከውጭ በመጣ ጨርቅና ኤሌክትሮኒክስ ነው። በአሮጌው ባቡር ሸቀጥ ይዘው ይመላለሱ ከነበሩት ትንንሽ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ቀረጥ ሳይከፍሉ የሚያሳልፉት ዕቃ የቤተ ሰብ መተዳደሪያ ነበረ። በሕግ ፊት ግን ድርጊቱ ወንጀል ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859ም ይህንኑ ይደነግጋል።

ስርቆት ሲፈጸም ዕቃው የጠፋበት ሰው ሄዶ ያመለክታል። በኮንትሮባንድ ግን ሻጭም ገዢም ተስማምተዋልና የሚያመለክት የለም፤ በመዝገብ የሚገኘው በኬላ የተያዘው ብቻ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ሲጠብቅ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ሲላላም ዝቅ ይላል። ደግሞም በመዝገብ የሚሰፍረው ዕቃውን ይዞ የተገኘው ተሸካሚ ነው፤ ገንዘቡን ያወጣው ባለ ሀብት ላይታወቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቁጥር ከስርቆትና ከድብደባ ጋር ደምሮ «የከተማው ሰው ወንጀለኛ ሆነ» ማለት ነዋሪውን መበደል ነው።

አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አገልግሎቱ እየተዳከመ ሲሄድ፥ በእርሱ ይተዳደር የነበረው ሠራተኛ፥ ጫኝና ትንሽ ነጋዴ አብሮ ተጎዳ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ባቡር ጣቢያውን ከመኻል ከተማ ውጭ አድርጓል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በድሬዳዋ የነፃ ንግድ ቀጠና ተከፈተ። የቀጠናው በር ለትልቅ አስመጪ ብቻ የሚመች ከሆነ፥ ትንሹ ነጋዴ በበረሃው መንገድ መሄዱን አይተውም።

እንግዲህ የድሬዳዋን ወንጀል ማጥናት የሚፈልግ ባልንጀራችን ሦስት ነገሮችን እንዲለይ ይገባዋል፤ ይኸውም አካፋዩ የከተማው ነዋሪ ወይስ የአስተዳደሩ በሙሉ መሆኑን፥ ኮንትሮባንድ ከሌላው ወንጀል ተነጥሎ መቆጠሩን፥ በዚያ ዓመት የኬላው ፍተሻ መጥበቅ ወይም መላላቱን ነው። እነዚህ ሳይለዩ የተገኘ ድምር ለአስተዳዳሪው ቢቀርብ፥ ሥራ ያጣውን ሰው በፖሊስ ብዛት ለማዳን ወደ መሞከር ይመራዋል።