በካርቶን ውስጥ የሚቀረው ወረቀት

ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የሚወጣውን፣ ፊደሉ ዓይን የሚያደክመውን ወረቀት አብዛኞቻችን ሳንገልጠው እንጥለዋለን። አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ መድኃኒቶች ይኸው ጽሑፍ የሚገኝበት የኢንተርኔት ማኅደር ዴይሊሜድ ይባላል። የሚያስተዳድረው የአገሪቱ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በነፃ ይነበባል። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው አምራቹ ሲሆን፣ ለምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ለኤፍዲኤ ያስገባው ነው የሚወጣው።

ለስኳር ሕመም የሚታዘዘውን ሜትፎርሚን እንውሰድ። ገጹ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው በሳጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ላክቲክ አሲዶሲስ ስለሚባለው፣ ደም ውስጥ አሲድ ተከማችቶ ሊገድል ስለሚችለው ችግር። ወረድ ሲሉ ኩላሊታቸው ደም የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች የወረደ ሰዎች መድኃኒቱን እንዳይወስዱ ይከለክላል። ይህ ልኬት የገባው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በዋናነት የሚታየው ደም ውስጥ ያለው የክሬቲኒን መጠን ነበር። የ2015ቱን ጽሑፍ ገልብጦ ያስቀመጠ ድረ ገጽ የፈጠራ ወሬ አልጻፈም። ጊዜው አልፎበታል እንጂ። ስለዚህ ማንኛውንም የመድኃኒት ገጽ ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው የተሻሻለበትን ቀን ነው፤ ቀን የሌለውን እዘጋዋለሁ።

ከጊዜ ማለፍ ይልቅ የሚያሰጋኝ ግን የተተወው ነገር ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 80 የመድኃኒት ጥያቄዎችን ይዞ ዊኪፒዲያንና የሜድስኬፕን የመድኃኒት ማጣቀሻ አነጻጽሮ ነበር። ሜድስኬፕ 82.5 በመቶውን ሲመልስ ዊኪፒዲያ 40 በመቶ ላይ ቀረ። የሚገርመው ግን ዊኪፒዲያ ላይ አንድም የተሳሳተ መረጃ አልተገኘም፤ ከሜድስኬፕ መልሶች ግን አራቱ ከትክክለኛው መልስ ጋር ተጋጭተዋል። ዊኪፒዲያን የጣለው ዝምታው ነው፤ ስለ አወሳሰድ መጠን ከተጠየቀው አንዱንም አልመለሰም። አንባቢ ደግሞ ያልተጻፈ ማስጠንቀቂያን የሌለ አድርጎ ይወስዳል።

ዴይሊሜድም ቢሆን በጭፍን አይታመንም። ኤፍዲኤ ያላጸደቃቸው፣ ለምሳሌ የሆሚዮፓቲ ምርቶችም እዚያው ተዘርዝረዋል፤ መገኘታቸው ፈቃድ አይደለም። አጻጻፉም በአብዛኛው ለሐኪምና ለፋርማሲስት የተሰናዳ ስለሆነ ለበሽተኛ ከበድ ይላል።

ከአሜሪካ ዘመድ መድኃኒት ለሚላክለት የአገር ቤት ሰው ደግሞ የስም ጣጣ አለ። እኛ ፓራሲታሞል የምንለው እዚያ አሴታሚኖፌን ነው፤ ሳልቡታሞል አልቡቴሮል፣ ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ግላይቡራይድ ይባላሉ። ታይሌኖል በሚባል የንግድ ስም ከአሜሪካ የመጣውን አሴታሚኖፌን ከሰፈር ፋርማሲ ከተገዛው ፓራሲታሞል ጋር ደርቦ የሚውጥ ሰው አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ እየወሰደ ነው፤ ጉበቱም ሊጎዳ ይችላል። የንግድ ስም ደግሞ ይብሳል፦ ፍሎማክስ አሜሪካ ውስጥ ለፕሮስቴት የሚታዘዝ ሲሆን፣ ጣሊያን ውስጥ በዚያው ስም የተሸጠው ፀረ ብግነት መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ኢንተርኔት ላይ ሲፈለግ መጻፍ ያለበት እንግዲህ በካርቶኑ ላይ ከንግድ ስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል የሰፈረው የንጥረ ነገሩ ስም ነው።