የጌጥ ተክልና የቤት እርጥበት

ቤትን በአረንጓዴ ቅጠል ማስጌጥ ደግ ልማድ ነው። ሰፊ ቅጠል ያለውን ተክል በቆርቆሮ ወይም በአሮጌ ድስት ተክሎ ቤት ውስጥ ማሳደግ ዓይንን ያስደስታል፤ ብዙ ወጪም አይጠይቅ። ነገር ግን ተክሉ እርጥበት ይወዳል፤ እርጥበት ደግሞ ከመጠን ሲያልፍ የቤተ ሰብ ጤና ጠላት ነው። ታዲያ ቅጠሉ ሳይደርቅ፣ ልጆችም ሳይታመሙ አብረው እንዲኖሩ ምን ማድረግ ይገባል? እናቶች ሆይ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምናስረዳው ይህንኑ ነው።

ቅጠሉ ለምን ይደርቃል?

ከእነዚህ ተክሎች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ዲፈንባኪያ የሚባለው ዝንጉርጉር ቅጠል ያለው ተክል፣ የትውልድ አገራቸው ሞቃትና ዝናብ የማይለየው የአሜሪካ ደን ነው። ቅጠሉ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃው በነዚያ በኩል እየተነነ ይወጣል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ፣ ወይም ተክሉ ምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ሥሩ ከሚልከው ይልቅ ከቅጠሉ የሚወጣው ይበልጣል። ያን ጊዜ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ውሃ ጠምቶት ነው» ብሎ በላዩ ላይ ያፈስበታል። የደረቀው ግን አየሩ እንጂ አፈሩ ላይሆን ይችላል እኮ! አፈሩ ዘወትር ከጨቀየ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ እንደገና ይጠወልጋል፤ እንደገናም ውሃ ይጨመርበታል። ተክሉ የሚሞተው እንዲህ ነው።

እርጥበት ሲበዛ ምን ይጎዳል?

ለሰው የሚስማማው የቤት አየር እርጥበቱ ከመቶ ከ40 እስከ 60 ያህል ሲሆን ነው። ለተክሉም ከ50 እስከ 60 ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለቱን ማስማማት ይቻላል ማለት ነው። መለኪያ መሣሪያ ባይኖርም ምልክቱን ማወቅ አይቸግርም፤ ጨው ሲረጥብ፣ ልብስ ሲሸት፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሻጋታ ሲወጣ እርጥበቱ በዝቷል። ሻጋታ ሳል ያመጣል፤ አስም ያለበትንም ሰው ያስጨንቃል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ከተክሉ ሥር በሳህን የሚተኛው ውሃ ነው። ቢንቢ እንቁላሏን የምትጥለው በቆመ ውሃ ነው። በሞቃት አገር ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ደንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው ቢንቢ በተለይ እንዲህ ያለውን ትንሽ ዕቃ ትወዳለች። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት ተነሥቶ ነበር። በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2022 የተነሣውም ወባ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ከምትራባ አዲስ የወባ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። ስለዚህ ወባ የሚመጣው ከረግረግ ብቻ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. ተክሉን ከምድጃና ከጭስ አርቃችሁ፣ ብርሃን በሚያገኝበት ስፍራ አስቀምጡት።

2ኛ. ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ላዩ ደርቆ ካገኛችሁት አጠጡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ቆርቆሮው ከሥሩ ይበሳ።

3ኛ. አየሩ በደረቀበት ወራት ተክሎቹን አንድ ላይ አስጠግታችሁ አኑሩ። አንዱ የሚያወጣው እርጥበት ለሌላው ይተርፋል።

4ኛ. በሳህኑ ውሃ ከማቆም ይልቅ አሸዋ ሙሉበትና አሸዋውን አርጥቡት። ውሃው ከአሸዋው በላይ እንዳይታይ። ቢንቢ መጣያ አታገኝም፤ ተክሉ ግን እርጥበቱን ያገኛል።

5ኛ. ሳህን ያለ አሸዋ ከሆነ በየሳምንቱ ውሃውን ድፉና ዙሪያውን በአመድ ፈትጋችሁ እጠቡ። የደንጊዋ ቢንቢ እንቁላል ከዕቃው ጎን ተጣብቆ፣ ደርቆም ወራት ስለሚቆይ መድፋት ብቻውን አይበቃም።

6ኛ. ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ከአቧራና ከጥላሸት ጥረጉት። ማታ ማታ ውሃ መርጨት አይጠቅምም፤ አየሩን የሚያረጥበው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ የሚያድር ቅጠል ደግሞ በሽታ ይይዘዋል።

7ኛ. በክረምት የተክሎቹን ውሃ ቀንሱ፤ ፀሐይ ሲወጣ በርና መስኮት ክፈቱ፤ መኝታውንም አውጥታችሁ አስጡ።

ሌላም መጠንቀቅ የሚያስፈልግ ነገር አለ። የዲፈንባኪያ ፈሳሽ አፍና ምላስ ያቃጥላል፣ ያሳብጣልም። ስለዚህ ሕፃን ከማይደርስበት ከፍታ ይቀመጥ። ልጅ አኝኮት ከተገኘ አፉን በንጹሕ ውሃ አጉመጥምጡት፤ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ትኩሳት የያዘውም ልጅ «ነገ ይሻለው ይሆናል» ተብሎ ሳይቆይ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር።

ዛሬውኑ ከተክላችሁ ሥር ያለውን ሳህን አንሥታችሁ ተመልከቱ። በውሃው ውስጥ የሚወራጭ ትል ካለ ደረቅ መሬት ላይ ድፉት፤ ሳህኑን ፈትጉ፤ ለጎረቤታችሁም አሳዩ። ቢንቢ የጎረቤትን አጥር አታውቅምና አንዱ ቤት ብቻ ቢያጸዳ አይበቃም።