ኪስራ፤ የሙኑኪ ስስ እንጀራ በቤታችን

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፤ ሙኑኪ በሚባለው ሰፈር የተቀመጠ ሰው የንጋትን መምጣት የሚያውቀው በከሰል ጢስና በኮምጣጣ ሊጥ ሽታ ነው። በየአጥሩ ሥር ሴቶች ተቀምጠው ኪስራ ይጋግራሉ። ኪስራ ማለት ከማሽላ ዱቄት ተቦክቶ፤ በጋለ ብረት ላይ እጅግ ስስ ሆኖ የሚጋገር እንጀራ ነው። እኛም ከ2010 እስከ 2012 ዓ.ም. በሥራ ምክንያት በዚያ ሰፈር በኖርንበት ጊዜ፤ በመጀመሪያ ከጎረቤት እየገዛን በላነው፤ ኋላ ግን በገዛ ቤታችን ለመጋገር ተመኘን።

ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የሱዳን የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወደ ጁባ ገብተው ሆቴልና ምግብ ቤት ስለ ከፈቱ፤ የጤፍ እንጀራ በዚያ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ጤፉ ሩቅ መንገድ ተጉዞ የሚመጣ በመሆኑ፤ በእኛ ጊዜ ዋጋው ለደመወዝተኛ ቤተ ሰብ የሚከብድ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ብዙዎቻችን «ያለ ጤፍ አንበላም» እያልን ገንዘባችንን እናፈስ ነበር። ይህ የኩራት ነገር ነው፤ ምክንያቱም በትግራይ፤ በወሎና በሐረርጌ የማሽላ እንጀራ የብዙ ቤት የዕለት ምግብ መሆኑን እናውቃለን። በ2010 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳውም፤ በምሥራቅ ሱዳን ከካሰላ አጠገብ በተገኘ ጥንታዊ የሸክላ ስባሪ ላይ የማሽላ ገለባ አሻራ ታይቷል፤ ከዚህም የተነሣ በዚያ አካባቢ ሰው ከ5,000 ዓመት በፊት ማሽላን በማላመድ ላይ እንደ ነበረ ታውቋል። ካሰላ ደግሞ ከኤርትራ ድንበር ብዙም አትርቅም። ስለዚህ ማሽላ የሌላ ሰው እህል ነው ለማለት አንችልም።

የቅርብ ጎረቤታችን በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ባላቸውን ያጡ፤ ኪስራ ጋግረው በሰፈሩ ገበያ እየሸጡ አምስት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ «ማማ» ይሏቸዋል፤ እኛም እንደዚሁ እንጠራቸው ነበር። የስድስት ዓመት ልጃችን ኪስራቸውን በመጀመሪያ ባየች ጊዜ፤ ከጨዋታ ጓደኞቿ በለመደችው በጁባ ዐረብኛ «ይህማ ወረጋ ነው» አለች፤ ወረጋም ወረቀት ማለት ነው። እኛ አፍረን አንገታችንን ደፋን። ማማ ግን ስቀው፤ «አዎን፤ ወረቀት ነው። የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ የምጽፍበት ወረቀት ይህ ነው» አሉ።

ባለቤታችን ሙያውን እንዲያስተምሯት በለመነቻቸው ጊዜ ሳያመነቱ እሺ አሉ። ማማ ምንም ነገር አይለኩም፤ ባለቤታችን ግን ብርጭቆ ይዛ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለች ለካች። የተገኘውም ልክ ይህ ነው። አራት ብርጭቆ የማሽላ ዱቄት በሦስት ብርጭቆ ውሃና ከቀደመው ሊጥ በተረፈ ግማሽ ብርጭቆ እርሾ ይቦካል፤ ተከድኖም ከምሽት እስከ ንጋት ያድራል። የጁባ ሙቀት ሊጡን ፈጥኖ ያኮመጥጠዋል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርዳም አገር ግን አንድ ቀን ሙሉ ቢቆይ ይሻላል። ጧት አንድ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት ይጨመርበትና እንደ አጥሚት እስኪቀጥን ድረስ በውሃ ይበጠበጣል። የስንዴው ጥቅም ሊጡን ማያያዝ ነው፤ ማሽላ ብቻውን ሲሆን ለጀማሪ እጅ ቶሎ ይሰነጠቃል።

እንደ ጤፍ እንጀራ አብሲት አይጣልለትም፤ አክንባሎም አይደፋበትም፤ ዐይንም አያወጣም። ዶካ የሚሉት የብረት ምጣድ በከሰል ላይ ይግላል፤ በዘይት በራሰ ማሰሻም ይታሻል። ከዚያ አንድ ጭልፋ ሊጥ በአንድ ወገን ፈሶ፤ ገርገሪባ በሚባል ከዘንባባ ቅጠል በተቆረጠ መግፊያ ቶሎ ቶሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሳሳል። ዛሬ ብዙዎች በቅጠሉ ፈንታ የፕላስቲክ ቁራጭ ይይዛሉ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጠርዙ ይነሣል፤ በጣት ተይዞም ይላጣል። አይገለበጥም።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። የባለቤታችን የመጀመሪያው ኪስራ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ ሁለተኛው በወንፊት ተመሰለ። ምክንያቱም ብረቱ ከመጠን በላይ ሲግል ሊጡ ሳይሳሳ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይጣበቃል። ማማም «ልጄ፤ እጅሽ ይፈራል፤ ብረቱም ያውቅብሻል» አሏት። በሦስተኛው ሳምንት እጇ መፍራቱን ተወ። ኪስራው በባሚያ ወጥ ይበላል፤ ለጾም ቀን ደግሞ በለውዝ ቅቤ የተሠራ የጎመን ወጥ እጅግ ይስማማዋል። ማሽላ የማያገኝ ሰው በጋና ጎዳናዎች የሚሸጠውን፤ ከስንዴ ዱቄት፤ ከዕንቁላልና ከወተት በገውዝ ጣዕም የሚሠራውን ስስ ቂጣ መሞከር ይችላል፤ እርሱም የሚፈልገው ይህንኑ ቀጭን ሊጥና ፈጣን እጅ ነው።

ሙያው ከተያዘ በኋላ መግዛቱን ተውን። በየቀኑ ሃያ ኪስራ ከማማ እንወስድ ነበር። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ባለቤታችን የማማን ትሪ ከገበያ ሲመለስ አየችው፤ እንደ ቀድሞው ባዶ አልነበረም። ያን ሌሊት በቤታችን ብዙ ወሬ አልነበረም። ያስተማሩንን ሰው እንጀራ በገዛ ትምህርታቸው ቀንሰን ነበርና።

በማግሥቱ ባለቤታችን ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። ማማም፤ «ሳስተምርሽ ይህን የማላውቅ መስሎሽ ነው? ጎረቤት ለምኖኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?» አሏት። ከዚያ ወዲህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከእርሳቸው እየገዛን፤ እሑድ ብቻ እኛ እንጋግር ጀመር። ቅዳሜ ማታ እርሾ በቆርቆሮ ይልኩልናል፤ እኛም በርበሬ እንሰጣቸዋለን፤ በርበሬውን ወደውት ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ ገርገሪባና አንድ ጠርሙስ እርሾ ሰጥተው ሸኙን። ገርገሪባው ዛሬ በአዲስ አበባ ማድ ቤታችን በምስማር ላይ ተሰቅሏል። እርሾው ግን በመንገድ ፈሰሰብን፤ ከጎረቤት የጤፍ እርሾ ተበድረን እንደ ገና ጀመርን።