ዊልት፣ ጆርዳን ወይስ ሌብሮን? የተለያየ ዘመን ተጫዋቾችን እንዴት እናወዳድር

ሰንበት ወጥቶ ቡና በሚፈላበት ሰዓት በእኛ ቤት የማያልቅ አንድ ክርክር አለ። አጎቴ «ከማይክል ጆርዳን በላይ ተጫዋች አልተፈጠረም» ይላሉ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ ይኸው የሌብሮን ጄምስ ነጥብ፤ እርስዎ ራስዎ ይዩት!» ይላቸዋል። እሳቸውም «አንተ ልጅ፣ ያኔ የነበረውን ጨዋታ መች አየኸውና!» ብለው ይመልሱለታል። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም ያልቃል፤ ክርክሩ ግን አይቋጭም።

ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። የወንድሜ ቁጥር ትክክል ነው፤ የአጎቴም ጥያቄ ትክክል ነው። ድሮ የእህል መስፈሪያው ቁና ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር፤ ስለዚህ «አምስት ቁና» ሲባል «በየትኛው ቁና?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። የቅርጫት ኳስ ቁጥርም እንደዚያው ነው። ማን ይበልጣል ከማለታችን በፊት እስቲ መስፈሪያውን እንመልከት። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ምን ያህል ይፈጥን ነበር?

በ1961–62 የውድድር ዘመን ኦስካር ሮበርትሰን በአማካይ 30.8 ነጥብ፣ 12.5 ሪባውንድ እና 11.4 አሲስት አስመዘገበ። ሪባውንድ የሚባለው ሳይገባ የተመለሰን ኳስ መያዝ ነው፤ አሲስት ደግሞ ጓደኛ ነጥብ እንዲያገባ ኳስ ማቀበል ነው። ከ55 ዓመት በኋላ በ2016–17 ራስል ዌስትብሩክ 31.6 ነጥብ፣ 10.7 ሪባውንድ እና 10.4 አሲስት አስመዘገበ። ሲታይ እኩል ይመስላል።

ነገር ግን በሮበርትሰን ጊዜ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ 108 ጊዜ ያህል ወደ ቅርጫቱ ይወረውር ነበር። በዌስትብሩክ ጊዜ ግን 85 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። ብዙ ሲወረወር ብዙ ይሳታል፤ ብዙ ሲሳት የሚያዘው ኳስ ይበዛል። ስለዚህ በ1961–62 አንድ ቡድን በአማካይ 71 ያህል ሪባውንድ ሲያገኝ በ2016–17 ግን 44 ያህል ብቻ አገኘ። በዚህ ሂሳብ የሮበርትሰን ድርሻ ከመቶ 17 ተኩል ገደማ ሲሆን የዌስትብሩክ ወደ 25 ይጠጋል። በዚያ ላይ ሮበርትሰን በጨዋታ 44 ደቂቃ ሲሰለፍ ዌስትብሩክ 35 እንኳ አይሞላም ነበር።

ታዲያ ዌስትብሩክ በለጠ ማለት ነው? በሪባውንድ፣ አዎ። ግን ሮበርትሰን ሲጫወት የሦስት ነጥብ መስመር አልነበረም፤ መስመሩ ኤንቢኤ ውስጥ የገባው በ1979 ነው። ከሩቅ መወርወር ብዙ ጥቅም ስለማይሰጥ ተከላካዮች ቅርጫቱ ሥር ይታጨቁ ነበር። ሮበርትሰን ነጥቡን ያገኘው በዚያ ጥበት ውስጥ ነው።

የዊልት ቻምበርሌይንም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በዚያው በ1961–62 በአማካይ 50.4 ነጥብ አገባ፤ መጋቢት 2 ቀን 1962 ደግሞ በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ አስቆጠረ። ጨዋታ 48 ደቂቃ ሆኖ ሳለ የእሱ አማካይ ሰዓት 48.5 ደቂቃ ነበር፤ ምክንያቱም በጭማሪ ሰዓትም ጭምር ከሜዳ አይወጣም ነበር። የዛሬ አሠልጣኝ ኮከቡን እንዲህ አያሰልፍም።

ያልተቆጠረው የት ገባ?

ቢል ራስል በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ ወሰደ። ዝናው በመከላከል ነበር፤ የተወረወረ ኳስ አየር ላይ እየመታ ያከሽፍ ነበር። ሆኖም ሊጉ ይህን መመዝገብ የጀመረው በ1973–74፣ እሱ ከተሰናበተ በኋላ ነው። የተካነበት ሥራ በይፋዊው መዝገብ ላይ አንድም ቁጥር የለውም። በሌላ በኩል ሲጀምር ሊጉ 8 ቡድን ብቻ ነበረው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለዋንጫ ሁለት ዙር ማለፍ ይበቃው ነበር። ዛሬ ቡድኖቹ 30 ናቸው፤ ዙሩም አራት ነው። ሚዛኑ ወደ ሁለቱም በኩል ያጋድላል።

ከፍታ ወይስ ርዝመት?

ሌብሮን በየካቲት 2023 የካሪም አብዱል ጀባርን 38,387 ነጥብ አለፈ። ካሪም ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በ22 ዓመቱ ሲገባ ሌብሮን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ18 ዓመቱ ገባ። ካሪም በዕድሜው ሙሉ ያገባው ባለ ሦስት ነጥብ አንድ ብቻ ነው፤ ሌብሮን ግን ከ2 ሺህ በላይ አለው። ይሁንና ሌብሮን ክብረ ወሰኑን የሰበረው ካሪም ከተጫወተው ባነሰ የጨዋታ ብዛት ነው።

ጆርዳን ደግሞ 6 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ 6ቱንም አሸነፈ፤ በጨዋታ 30.1 ነጥብ አማካዩም በታሪክ ከፍተኛው ነው። ሌብሮን 10 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ 4 ዋንጫ ወሰደ። እንግዲህ አጎቴ የሚለኩት ከፍታን ነው፤ ወንድሜ የሚለካው ርዝመትን ነው። የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ስለሆነ ነው የማይግባቡት።

በሩ ለማን ክፍት ነበር?

ከሁሉ የሚረሳው ጥያቄ ይህ ነው። በ1961 ራስልና ጥቁር የቡድን ጓደኞቹ በኬንታኪ ግዛት ሌክሲንግተን ከተማ ምግብ ቤት አናስተናግድም ስለተባሉ ጨዋታውን ትተው ተመለሱ። ሮበርትሰን ደግሞ የተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1970 ሊጉን ከሰሰ፤ ክሱ በ1976 በስምምነት ሲያልቅ ተጫዋቾች ቡድን የመምረጥ መብት እያገኙ መጡ። ሌብሮን በ2010 በፈቃዱ ወደ ማያሚ ሊሄድ የቻለው ያ በር አስቀድሞ ስለተከፈተ ነው።

እዚህ አገርም ሚኪ ቤርኮቪች ከዴኒ አቭዲያ ጋር ሲወዳደር ይሰማል። ቤርኮቪች ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር በ1977 እና በ1981 የአውሮፓን ዋንጫ አንስቷል፤ በኤንቢኤ ግን አንድም ነጥብ የለውም። የአውሮፓ ኮከቦች በብዛት መግባት የጀመሩት በ1989 ነው፤ የመጀመሪያው እስራኤላዊ ኦምሪ ካስፒ የገባው በ2009 ነው። አቭዲያ በ2020 በ9ኛ ደረጃ ሲመረጥ መንገዱ ተጠርጎ ነበር። የቤርኮቪችን ባዶ ቁጥር እንደ ድክመት መቁጠር የተዘጋን በር እንደ ስንፍና መቁጠር ነው።

እኛም ተማሪዎቹ ይህን ብናስታውስ አይከፋም። ዲግሪ ይዘን፣ ሁለት ሦስት ቋንቋ እየተናገርን፣ ፊደል ካልቆጠሩ እናቶቻችንና አባቶቻችን በልጠናል ብለን የምናስብበት ቀን አለ። እነሱ ግን በእግራቸው በሱዳን ያቋረጡ፣ ልጅ አዝለው አዲስ አገር የጀመሩ ናቸው። የእነሱ ሥራ በምስክር ወረቀት ላይ አልተመዘገበም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ክርክር አራት ነገር እንጠይቅ፤ ጨዋታው በምን ፍጥነትና በምን ሕግ ይካሄድ ነበር? ምን ተቆጠረ፣ ምንስ አልተቆጠረም? የምንለካው ከፍታን ነው ርዝመትን? በሩስ ለማን ክፍት ነበር? እኔ ይህን ለአጎቴና ለወንድሜ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ሁለቱም በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «መልካም ብለሃል፤ ቢሆንም ጆርዳን ነው» አሉ።