ያውቁ ኖሯል? የላፕቶፕዎ ስውር ጓዳ

የብዙ ቲንክፓድ ላፕቶፖች መመሪያ፣ ማሽኑ የሚሠራበትን የከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ብሎ እንደሚወስን ያውቁ ኖሯል? የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ያለው 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው! ከመገናኛ የተገዛ ላፕቶፕ ተራራው ላይ ሲወጣ ይሞታል ማለት አይደለም። አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ስለሚሳሳ ፋኑ ብዙ ይጮኻል፤ የሚያቀዘቅዘው ግን ትንሽ ነው።

ለሙቀቱ አንዱ መላ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ «ፕላንደርቮልት» የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲወጣ ግን፣ ይኸው ማስተካከያ በባዮስ (ላፕቶፑን በሚያስነሳው መሠረታዊ ሶፍትዌር) ማሻሻያ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ተቆለፈ።

ከባዮስ የጠፋ የሚመስለው ሜኑ ብዙ ጊዜ እዚያው መቀመጡንስ ያውቁ ኖሯል? አምራቾች መሠረቱን እንደ ኤኤምአይና ኢንሳይድ ካሉ ኩባንያዎች ይወስዱና፣ ደንበኛ እንዲነካካው ያልፈለጉትን ገጽ «አታሳይ» በሚል አጭር ትእዛዝ ይሸፍኑታል። የተሸፈነውን ሜኑ የሚከፍት ባለሙያ የሚለውጠው ያቺን ትእዛዝ ነው።

ባዮስ የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ ስምንት እግር ባላት፣ ከጣት ጥፍር በማትበልጥ ቺፕ ላይ ነው። ትእዛዙን ለመለወጥ ጠንቃቃ ባለሙያ ባትሪውን ይነቅላል፣ ቺፗን በመቆንጠጫ ይይዛል፣ ያለውን ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ሁለቱ ፋይሎች አንድ ካልሆኑ አይጽፍም። 1.8 ቮልት የምትፈልግ ቺፕ 3.3 ቮልት ከተሰጣት ልትቃጠል ትችላለች። የማሽኑ መለያ ቁጥርና የዊንዶውስ ፈቃድም እዚያው ስለሚገኙ፣ የእርስዎን ቅጂ ሳያስቀምጥ ከሌላ ላፕቶፕ የመጣ ፋይል ሊጭን ለሚቸኩል ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ማሽንዎን አይስጡት።

መብራት ድንገት በሚሄድበት ሰፈር ባዮስ ማሻሻል ያለ ጥሩ ባትሪ አይሞከርም። መሐል ላይ ከተቋረጠ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. «ቼርኖቤል» የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የብዙ ኮምፒውተሮችን ባዮስ እንዳበላሸ ያውቁ ኖሯል? ዛሬ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ቡት ጋርድ የሚባል ዘበኛ አላቸው፤ የአምራቹ ፊርማ የሌለበትን ባዮስ አያስነሳም። የባለቤቱንም ቢሆን!

የተቆለፈ መክፈት እኛ ዘንድ ሕፃናትም ችለውታል። የ«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» ፕሮጀክት መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደተናገረው፣ ወንጪና ወለንጭቲ ላይ አስተማሪ ለሌላቸው ልጆች ሞቶሮላ ታብሌት ተሰጠ። ጉዳዩ የባዮስ ሳይሆን የአንድሮይድ ነው፤ ካሜራው ተዘግቶ ነበር። ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ከፈቱት።