የአንዲት ሞለኪውል አስተላላፊነትና አሟሚው ፈሳሽ

የአንዲት ሞለኪውል ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የራሷ የሞለኪውሏ ቅርጽ፣ ማለትም ርዝመቷና አቶሞቿ የተያያዙበት መንገድ ነው፤ ይሁን እንጂ ልኬቱ ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው በፈሳሽ ውስጥ በመሆኑ፣ በኬሚስትሪ አሟሚ የሚባለው ይህ ፈሳሽ በውጤቱ ላይ ከባድ ተጽዕኖ አለው።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበትን የመለኪያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቁት በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢንግቺያን ሹ እና ኖንግጂያን ታኦ ናቸው። ሹል የወርቅ ጫፍ ከወርቅ ገጽ ጋር ከተነካካ በኋላ ቀስ በቀስ ሲሳብ፣ በመካከል ያለው ወርቅ እንደ ተሳበ ማር እየቀጠነ ሄዶ የአንድ አቶም ውፍረት ላይ ይደርሳል፤ በዚህ ጊዜ አስተላላፊነቱ 77.5 ማይክሮሲመንስ ያህል ሲሆን፣ ይህም የአስተላላፊነት ኳንተም የሚባለው፣ በተፈጥሮ ሕግ የተወሰነ መጠን ነው። ወርቁ ሲበጠስ በአሟሚው ውስጥ ከሟሙት ሞለኪውሎች አንዷ ክፍተቱን ስትይዝ፣ አስተላላፊነቱ እጅግ ዝቅ ባለ ደረጃ ላይ ለቅጽበት ይረጋል። አንዱ ሙከራ ከሌላው ስለሚለያይ ሥራው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደገምና በብዛት የታየው መጠን የሞለኪውሏ ልኬት ሆኖ ይወሰዳል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በካርቦን ቀለበት ላይ ሁለት የናይትሮጅን ጫፎች ያሏት ቤንዚንዳያሚን የተባለች ሞለኪውል፣ አሟሚው ብቻ በመለወጡ አስተላላፊነቷ ከ50 በመቶ በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። ምክንያቱ የሚያስደንቅ ነው፤ አሟሚው የሚነካው ሞለኪውሏን ሳይሆን በአጠገቧ ያለውን ወርቅ ነውና። የአሟሚው ሞለኪውሎች በወርቁ አቶሞች ላይ ሲጣበቁ፣ ኤሌክትሮንን ከወርቁ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል ይለወጣል፤ በዚህም በወርቁ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች የኃይል ደረጃ ወደ ሞለኪውሏ የኃይል ደረጃ በቀረበ መጠን ኤሌክትሮኖች በቀላሉ ይሻገራሉ።

ውኃ ግን በቀጥታ ሞለኪውሏን ይነካል። በእንግሊዝ የሊቨርፑልና የላንካስተር ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ድኝ ያለባቸው ቀለበቶች የተቀጣጠሉባት ረጅም ሞለኪውል 10 የውኃ ሞለኪውሎች ብቻ ሲከቧት አስተላላፊነቷ ከ100 እጥፍ በላይ እንደሚያድግ፣ ሰንሰለቱም በረዘመ ቁጥር ተጽዕኖው እንደሚበረታ አመልክተዋል። የውኃ ሞለኪውል አንድ ወገኑ ወደ አሉታዊ፣ ሌላው ወደ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚያዘነብል፣ የጎረቤቱን የኃይል ደረጃ ያንቀሳቅሳል።

ከሁሉ የላቀው እርምጃ ግን አሟሚውን እንደ መሣሪያ መጠቀም ነው። ሳይንቲስቶቹ አቪራምና ራትነር እ.ኤ.አ. በ1974 በንድፈ ሐሳብ ያቀረቧትን፣ ፍሰትን በአንድ አቅጣጫ አብልጣ የምታሳልፍ ሞለኪውል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በሌላ መንገድ ደረሱባት፤ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች (አዮኖች) ባሉበት ፈሳሽ ውስጥ፣ ሞለኪውሏን በሁለት ወገን ከያዙት ኤሌክትሮዶች አንዱን ሰፊ፣ ሌላውን በሽፋን ተሸፍኖ ጫፉ ብቻ የተገለጠ በማድረግ፣ ከ0.4 ቮልት ባነሰ ግፊት በአንዱ አቅጣጫ ከ200 እጥፍ በላይ የበለጠ ፍሰት አገኙ።

ስለዚህ የሞለኪውልን አስተላላፊነት በቁጥር የሚያቀርብ ጥናት ልኬቱ በየትኛው አሟሚ ውስጥ እንደ ተሠራ ካልገለጸ፣ ቁጥሩን ከሌላ ቤተ ሙከራ ውጤት ጋር ማነጻጸር አይገባም።