ከሽፈራው ቅጠል እስከ መድኀኒት ያለው መንገድ

በኮንሶ እርከኖች ላይ የሚበቅለው ሽፈራው ለአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ጎመኑ ነው። ዛሬ ቅጠሉ ደርቆና ተፈጭቶ በየከተማው ሱቅ ሲቀርብ፣ ብዙ ጊዜ «ለስኳር በሽታ ፍቱን» የሚል ቃል አብሮት ይሸጣል። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚያስተማምን መመርመር ለነጋዴውም ለገዢውም የሚጠቅም ነው።

ነገሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1997 የታተመ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከቅጠሉ በውሃ የወጣው ጭማቂ የጥንቸሎችን የደም ስኳር እንደሚቀንስ አመልክቷል። ዳሩ ግን ጥንቸል ሰው አይደለም፤ በየቤቱ እንደ ሻይ የሚፈላውም ቅጠል መጠኑ በውል አይለካም።

ጋሌጋ የተባለውን ተክል የኤውሮፓ ባላገሮች ለመድኀኒትነት ያውቁት ነበር። በውስጡ የሚገኘው ጋሌጂን ስኳርን ቢቀንስም መርዛምነቱ ለሕክምና የሚበጅ ሆኖ አልተገኘም። ኬሚስቶች የእርሱን ዘመድ ሜትፎርሚንን በ1922 ሠሩ፤ በፓሪስ ዶክተር ዣን ስቴርን ለሕሙማን ሰጥተው ውጤቱን ያሳተሙት ግን በ1957 ነው። አሜሪካ የፈቀደችው ደግሞ በ1994 ነው። (ለነጋዴ እጅግ ረዥም ትዕግሥት ነው!) ዛሬ በዓለም ላይ ለስኳር ሕሙማን በብዛት ከሚታዘዙት ክኒኖች አንዱ ይኸው ነው።

ሽፈራው ገና በዚህ መንገድ መጀመሪያ ላይ ስለ ሆነ፣ በምግብነቱ መሸጡ ነውር የለውም። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል ሕመምተኛ ግን በቅጠሉ ተማምኖ መርፌውን ቢያቋርጥ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል። ከመድኀኒቱ ጋር ደርቦ የሚጠጣውም ሰው ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድበት ስለሚችል፣ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል።